ጨው ያልነካው መኪና

ቦይን ፎልስ፣ ሚሺጋን
ሴፕቴምበር 6፣ 2011

እንቁራሪቴ ዴኒዝ፣

ስለ ጤናሽ አልጠይቅም። ለአጎቷ ሳትነግር ለዓለም ሁሉ ማስታወቂያ ያወጣች ሴት ጤናዋ የተሟላ ነው። እኔም ደህና ነኝ። ጉልበቴ ያው ነው፤ ጆሮዬ ብሶበታል፤ ለዚህ ነው በስልክ የማላናግርሽ። ምላሴ ግን ምንም አልሆነም፤ ይኸው ልታይው ነው።

ትናንት ጠዋት ሽንኩርት እየነቀልኩ ቀና ስል አንድ ነጭ ጓንት ያጠለቀ ሰውዬ የአባትሽ መጋዘን ደጃፍ ላይ ቆሟል። ጓንት በሴፕቴምበር! ሌባ መሰለኝና መንሹን እንደያዝኩ መንገዱን ተሻገርኩ።

«ለመኪናው ነው የመጣሁት» አለኝ።

«የትኛው መኪና?»

«ኦልድስሞቢሉ። የ1970 ሞዴሉ፣ ባለ ሁለት በሩ። ሴትየዋ ቁልፉ እርስዎ ጋ እንዳለ ጽፋልኛለች» አለና ማስታወቂያሽን ከኪሱ አወጣልኝ። ከግራንድ ራፒድስ የመጣ የጥርስ ሐኪም ነው።

እንግዲህ አስቢው። ወንድሜን፣ አባትሽን ሬይን፣ የቀበርነው በኤፕሪል ነው፤ ሣሩ እንኳ ገና በወጉ አልሸፈነውም። መኪናውን ላንቺ መተዉን አውቃለሁ፤ ኑዛዜው ሲነበብ አጠገብሽ ተቀምጬ ነበር። ብትሸጪው መብትሽ ነው፤ ብታቃጥይው መብትሽ ነው። ግን እኔ መንገድ ማዶ የምኖረው፣ ቁልፉ ወጥ ቤቴ ግድግዳ ላይ የተንጠለጠለው አጎትሽ፣ ይህን ከጥርስ ሐኪም አፍ ልስማው?

ማስታወቂያሽን አነበብኩት። አጻጻፍሽ ጥሩ ነው። አንዷ ዐረፍተ ነገር ግን ጉሮሮዬ ላይ ተሰንቅራ ቀርታለች። «በአንድ ባለቤት እጅ የኖረ፣ በረዶ አይቶ የማያውቅ፣ የመንገድ ጨው ያልነካው።» ዴኒዝ፣ ይህን አንቺ ነሽ የጻፍሽው? እጅሽ አልተንቀጠቀጠም?

ለምትጠይቂኝ ጥያቄ መልሱ አዎ ነው፤ በሩን ከፍቼለታለሁ፣ ሸራውንም ገልጬለታለሁ። ሰውዬው ጓንቱን እያስተካከለ ኮፈኑን ደባበሰ፣ አረንጓዴውን ቀለም አሸተተ፤ እውነቴን ነው፣ አሸተተው። ከዚያ አንድ ነገር ተናገረ፤ አልወደድኩለትም። ስለዚህ ከኋላ መቀመጫው ሥር በየበጋው እባብ እንደምትወልድ ነገርኩት። «ግድ የለም፣ ሰው አትነካም፤ ልጆቿ ናቸው ትንሽ የሚያስቸግሩት» አልኩት። ጓንቱን ሳያወልቅ ነው የራሱ መኪና ውስጥ ገብቶ የበረረው።

አጎትሽ
ካዝ


አስቶሪያ፣ ኦሪገን
ሴፕቴምበር 15፣ 2011

አጎቴ ካዝ፣

እባብ?

ሰባ ስምንት ዓመትህ ነው። ሰውዬው ሦስት ሰዓት ነድቶ መጥቶ አንተ እባብ ትነግረዋለህ? ጽፎልኛል። «ስለ እንስሳቱ በማስታወቂያው ላይ መጥቀስ ነበረብሽ» ይላል። ወደብ ላይ ጀልባ ሥር ተጋድሜ ቀለም ስፍቅ ነበር ያነበብኩት፤ መፋቂያውን ብረት ወረወርኩት።

ሳልነግርህ ማስታወቂያ ማውጣቴ ልክ አይደለም፤ ለዚህ ይቅርታ። ለሌላው ይቅርታ የለኝም።

እጅሽ አልተንቀጠቀጠም ወይ አልከኝ። አልተንቀጠቀጠም። መጀመሪያ የጻፍኩት ያቺን ዐረፍተ ነገር ነው፤ ሌላውን በኋላ ጨመርኩበት። እውነት ስለሆነች ጻፍኳት። ያንተ ወንድም በኖቬምበር የመጀመሪያው በረዶ ሳይጥል መኪናውን ሸራ ያለብሰው ነበር። ባትሪውን ነቅሎ ምድር ቤት፣ ምድጃው አጠገብ ያስቀምጠው ነበር። በረዶውን እንዲያቀልጥ መንገዱ ላይ የሚበተነው ጨው ብረት ይበላል ብሎ እስከ ሜይ ድረስ አይነካውም። ይህን ሁላችሁም ታደርጉታላችሁ፤ እዚያ አገር መኪና የሚወድ ሁሉ ያደርገዋል። ጥያቄ የለኝም።

ያን ጠዋት ግን ፒካፑ ማርሹ ተበላሽቶ ቆሞ ነበር። የስልኩ ሽቦ በበረዶ ተበጥሶ ነበር፤ አንተም ከዋዜማው መኪናህን ይዘህ ወጥተህ ነበር። እናቴ ወጥ ቤት ወለል ላይ ደረቷን ይዛ ተቀምጣ ነበር። የጨው መኪናው ማለዳ አልፎ መንገዱ ተከፍቶ ነበር። አባቴ ኮቱን ደርቦ ወጣ። እኔ በመስኮት አየሁት፤ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። መጋዘኑ ጋ ሄደ። የበሩን መቀርቀሪያ ያዘ። ያዘውና ቆመ። ከዚያ ለቀቀውና የስታን ፓያክን የወተት መኪና ሊለምን በእግሩ ወደ መንገዱ ሄደ።

ስታን እስኪመጣ ምን ያህል እንደቆየን ታውቃለህ። ከዚምባ ዳገት ማዶ፣ ወፍጮ ቤቱ ጋ፣ የወተት መኪናው ውስጥ ነው ነፍሷ ያለፈው። ሐኪም ቤቱ ጋ ሳይደርሱ።

ባትሪው ሞቆት ነበር፣ አጎቴ ካዝ። እናቴ በርዷት ነበር።

አሁን ያ መኪና ከእጄ እንዲወጣ እፈልጋለሁ። ማን እንደሚገዛው ግድ የለኝም፤ የእኔ መሆኑ ብቻ ይብቃ። በረዶ ከጣለ ደግሞ እስከ ሜይ የሚያየው አይኖርም። ስለዚህ የሚቀጥለው ገዢ ሲመጣ በሩን ትከፍታለህ፣ ቁልፉን ትሰጣለህ፣ አፍህን ትዘጋለህ። ሦስት ነገር ነው። ሦስተኛው እንደሚከብድህ አውቃለሁ።

ዴኒዝ


ቦይን ፎልስ
ሴፕቴምበር 26

እንቁራሪቴ፣

ደብዳቤሽ እንደ ጋለ መጥበሻ ነበር፤ በጨርቅ ይዤ ነው ያነበብኩት።

መቀርቀሪያውን መያዙን አላውቅም ነበር። ስለዚህ ጉዳይ አሁን ምንም አልጽፍም። ብዕሩን ሁለቴ አንስቼ ሁለቴ አስቀምጬዋለሁ።

ልትጠይቂኝ ወዳሰብሽው ልሂድ። አዎ፣ ከኦሃዮ ባልና ሚስት መጥተዋል። አይ፣ ቁልፉን አልደበቅኩም። አይ፣ ሰክሬ አልነበርኩም፤ ሰውየው እንዲያ ካለሽ ቂመኛ ነው። በሩን ከፈትኩ፣ ቁልፉን ሰጠሁ፤ ከሦስቱ ሁለቱን ፈጽሜያለሁ፤ ለኔ ይህ ትልቅ ውጤት ነው። ሚስትየዋ ገብታ ከመሪው ኋላ ተቀመጠች። ደግ ሴት ናት። መቀመጫውን በእጇ እያሻሸች፣ «እንዴት ንጹሕ ነው! ባለቤቱ ምን ሆኖ ነው የሚሸጠው?» አለችኝ።

«ሞተ» አልኳት።

«ነፍሱን ይማር። የት?»

«እዚያው አንቺ የተቀመጥሽበት። መሪው ላይ ተደፍቶ አገኘነው፤ ሦስተኛው ቀን ላይ።»

በሩን መክፈት እንኳ አልቻለችም፤ ባሏ ነው ጎትቶ ያወጣት። ሬይ በሐኪም ቤት አልጋ ላይ፣ በሰባት ትራስ ተደግፎ፣ ሾርባው ቀዝቅዟል እያለ ሲነጫነጭ መሞቱን አንቺም አውቀሻል እኔም አውቃለሁ። እነሱ ግን አያውቁም።

አትሳቂ። ከሳቅሽ ግን ደብቀሽ አትሳቂ።

ሦስተኛውን ትእዛዝሽን አፍርሻለሁ፤ ይቅርታ መጠየቅ ይገባኛል፤ እየጠየቅኩ አይደለም። ከቶሌዶ ስለመጣው ሰውዬ ብትጠይቂኝ አልመልስልሽም። እሱ ራሱ ጽፎልሽ ይሆናል፤ ካልጻፈ እግሩ አልዳነ ይሆናል።

ካዝ


አስቶሪያ
ኦክቶበር 6

አጎቴ ካዝ፣

ጽፎልኛል። እግሩ ድኗል፤ ክብሩ ነው ያልዳነው። መኪናው ሥር ተኝቶ ሲመለከት ቁርጭምጭሚቱን ይዘህ እስከ ጓሮው ድረስ እንደጎተትከው፣ ከዚያም የባትሪ መብራቱን ገብስ ማሳ ውስጥ እንደወረወርክ ነግሮኛል። እሱ ሊገዛ መጥቶ ነበር። ዋጋ እንኳ አልተከራከረም። ሊገዛው ነበር!

ከእንግዲህ ቀልድህ አያስቀኝም። ምን እየሠራህ እንደሆነ ገብቶኛል። የሬይን ዕቃ እየጠበቅህ ነው። በሕይወቱ ሳለ ጠበቅከው፣ አሁን ደግሞ መኪናውን ትጠብቅለታለህ። ወንድምህ የሠራውን ታውቃለህ፤ እንዲያም ሆኖ በየእሁዱ እሱ ገበታ ላይ ተቀምጠህ በልተሃል። እኔ ግን በአሥራ ስምንት ዓመቴ አውቶቡስ ላይ ወጥቼ ባሕሩ እስኪያስቆመኝ ድረስ ሄድኩ።

አንድ ነገር ላስታውስህ። በእናቴ ቀብር ዕለት ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ውስጥ፣ ድንች ሰላጣው ጠረጴዛ አጠገብ፣ ትከሻዬን አቅፈህ ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ? «መኪናውን ቢያወጣውም ኖሮ የዚምባን ዳገት አይወጣም ነበር፣ እንቁራሪቴ። አፍንጫው ይከብዳል። ጉድጓድ ውስጥ ነበር የሚገቡት።» አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ያችን ንግግርህን እስከ ዛሬ ሳላላምጥና ሳልውጥ ይዤ እኖራለሁ። ካመንኩህ አባቴ ትክክል ነበር። ካላመንኩህ አንተም ውሸታም ነህ። ለልጅ እንዲህ ያለ ነገር ይሰጣል?

ለአንድ አጫራች ድርጅት ነገሩን አስተላልፌያለሁ። ኖቬምበር 21 መኪና ጫኝ ልከው ይወስዱታል። ካንተ ጋር የሚነጋገር ገዢ ከእንግዲህ አይመጣም።

ዴኒዝ


ቦይን ፎልስ
ኦክቶበር 16

ዴኒዝ፣

አሁን ደግሞ እኔ ተራዬን ልቆጣ። ተቀመጪ።

የሬይ ዘበኛ ነህ አልሽኝ። ስሚ፦ ያ የጥርስ ሐኪም ቀለሙን አሽትቶ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ? «ምን ያለ ጥንቁቅ ሰው ነበር!» አለ። የኦሃዮዋ ሴትዮ መቀመጫውን እየደባበሰች ምን አለች? «እንዴት ያለ አሳቢ ሰው ነው!» አለች። አሳቢ! ይህን ላንቺ አልጻፍኩልሽም፤ ብጽፈው ወረቀቱ የሚቀደድ መስሎኝ። የቶሌዶው ደግሞ በጀርባው ተንጋሎ መኪናው ሥር ገባ። እዚያ ሆኖ እያፏጨ፣ «አንዲት ነጥብ ዝገት የለችም! የተሠራ ዕለት የተቀባው እንኳ እንዳለ ነው! አባባ፣ እንዲህ የሚንከባከብ ሰው ዛሬ የት ይገኛል? የዚህ ሰው ሚስት እንዴት የታደለች ናት!» አለ።

እግሩን የያዝኩት ያኔ ነው።

ገባሽ አሁን? መኪናው እንዳይሸጥ አይደለም። ይሸጥ! ገደል ይግባ! ግን እያንዳንዱ የሚመጣ ሰው ወንድሜን ሲያመሰግነው ቆሜ ልሰማ አልችልም። እኔም ሰው ነኝ። እናትሽ ሎሬይን እኮ ለኔ የወንድሜ ሚስት ብቻ አልነበረችም። እናቴ ከሞተች በኋላ እኔን ተቀምጬ እንድበላ ያደረገኝ ማን ሆነና? የጻፍኩትን ሁሉ እያነበበች፣ «ካዝ፣ እዚህ ጋ ነጥብ አድርግ፤ ሰው ይተንፍስ እንጂ!» የምትለኝ እሷ ነበረች። እስካሁን ነጥብ ባደረግኩ ቁጥር ድምፅዋ ይሰማኛል።

ዳገቱን ግን አትንኪብኝ። ያልኩሽን አልኩሽ፤ አሁንም እላለሁ። ያ መኪና ከፊት ሞተሩ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ይከብዳል፤ የሚገፋው ደግሞ ከኋላ ነው። በረዶ ላይ እንደ ሰከረ በሬ ነው የሚሄደው። የዚምባን ዳገት አይወጣም። ይህን የምልሽ ሬይን ላድነው ብዬ አይደለም። ሃያ ሰባት ዓመት ከወንድሜ ጋር ገበታ የቀረብኩት በዚያ ዳገት ምክንያት ነው። እሁድ በመጣ ቁጥር ኮቴን እየለበስኩ፣ «ለማንኛውም አይወጣም ነበር» እላለሁ፤ ከዚያ መንገዱን እሻገራለሁ። እሱ ሾርባውን ይቀዳልኛል። ስለ ሎሬይን አንነጋገርም። ስለ ድንች እንነጋገራለን።

ይህን ካፈረስሽብኝ ምን ይቀረኛል? ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ከማን ጋር ስበላ ነበር?

አጫራቾችሽን ላኪያቸው። በሩን እከፍታለሁ።

ካዝ


አስቶሪያ
ኦክቶበር 25

አጎቴ ካዝ፣

ስለ ገዢዎቹ የጻፍከውን አነበብኩ። እንደዚያ መሆኑን አላውቅም ነበር። የቶሌዶውን ሰውዬ ትንሽ ራቅ አድርገህ ብትጎትተው ኖሮም አልከፋም።

እናቴ ነጥብ ታስደርግህ እንደነበር አላውቅም ነበር።

ዳገቱን አትንኪብኝ ብለሃል። አልነካም። አንድ ጥያቄ ብቻ ልጠይቅህ፤ መልሱንም አልፈልግም። አይወጣም የምትለው ማን ሞክሮት ነው?

የጫኙ መኪና ሾፌር 21 ጠዋት ይደርሳል። ወረቀቶቹን ልኬልሃለሁ፤ ሁለቱ ቦታ ላይ ፈርም።

ዴኒዝ


ቦይን ፎልስ
ኖቬምበር 22

እንቁራሪቴ፣

መጀመሪያ መልካም ዜና፦ የጎመን ጥቅሌ ዘንድሮ እጅግ ጣፍጦኛል። ሾፌሩም መስክሯል። ቋሊማ ጨምሬለት ሦስት ሳህን በልቶ፣ እናቱ እንኳ እንዲህ እንደማትሠራ ነግሮኛል።

አሁን መጥፎው፦ ሾፌሩ ሆዱን ሞልቶ፣ የጭነት መኪናውን ባዶ አድርጎ ሄዷል።

ስደቢኝ። በሩን እከፍታለሁ ያልኩትን ቃሌን አጥፌያለሁ። ምክንያቱን እንዳትጠይቂኝ፤ ከነገርኩሽ ትከለክይኛለሽ። መኪናው የትም አይሄድም። ቁልፉ ግድግዳው ላይ የለም፤ ኪሴ ውስጥ ነው፤ ስተኛም ኪሴ ውስጥ ነው። እስካሁን የወረደው በረዶ የማይረባ ነው፤ ውሃ ነው። ትንሽ ታገሺኝ።

ካዝ


አስቶሪያ
ኖቬምበር 30

አንተ ሽማግሌ፣

«አጎቴ» ብዬ አልጀምርም ዛሬ። አጫራቾቹ የጉዞውን ወጪ ጠይቀውኛል። ጠበቃዬ «ዕቃሽን በጉልበት ይዞብሻል፤ ክሰሺው» ብላኛለች። እኔም ወረቀቱን አዘጋጂ አልኳት፤ አዘጋጅታዋለች፤ ይኸው ጠረጴዛዬ ላይ ነው። የደብዳቤህን መጨረሻ ደግሜ ባላነበው ኖሮ ዛሬ ይላክ ነበር።

በረዶ ነው የምትጠብቀው። ደህና በረዶ። ከዚያም የጨው መኪናው እስኪያልፍ ትጠብቃለህ።

አታድርገው። ጉልበትህ አይታዘዝህም፣ ጆሮህ አይሰማም፣ የዚያ መኪና ጎማ ካንተ እኩል ሸምግሏል። ጉድጓድ ውስጥ ገብተህ ብትቀር የሚያገኝህ ሰው የለም። እናቴን በዚያ መንገድ አጥቻለሁ፤ አንተን ደግሞ ልጨምር? የኔ ጥያቄ እልክ እንዲያስገባህ አልነበረም። ወይም ነበር። እኔ ራሴ አላውቅም፤ ተናድጄ ነው የጻፍኩት።

አታድርገው ብዬሃለሁ። አንተ ግን ዕድሜ ልክህን የተባልከውን አድርገህ አታውቅም። ስለዚህ ካደረግከው አንድ ነገር ብቻ ቃል ግባልኝ። አትዋሸኝ። ለጥርስ ሐኪሙ ዋሽ፣ ለኦሃዮዎቹ ዋሽ። እኔን አሥራ አራት ዓመት እንደሆናት ልጅ አታባብለኝ። ከወጣ ወጣ በለኝ። ካልወጣም አልወጣም በለኝ፤ ያኔ አባቴ መቃብር ላይ አበባ የማስቀመጥ ግዴታ ይኖርብኛል፤ አስቀምጣለሁ።

ዴኒዝ


ቦይን ፎልስ
ጃንዋሪ 12፣ 2012

ዴኒዝ፣

ወጣ።

ይህን በመጀመሪያው መስመር የጻፍኩት እንዳባብልሽ ስላልፈለግሽ ነው። አሁን ከፈለግሽ ቀሪውን አንብቢ።

ከትናንት ወዲያ ሌሊቱን ሲዘንብ አደረ፤ የወረደው ሁሉ በረዶ ሆነ። ዛፉ ሁሉ መስታወት የለበሰ ይመስላል። ማለዳ የጨው መኪናው አለፈ። ልክ እንደዚያን ቀን። ቡናዬን ቀዳሁ፤ ባትሪውን ከምድር ቤት አወጣሁ፤ ገጠምኩት፤ ስመለስ ቡናው ገና ትኩስ ነበር። ዴኒዝ፣ ቡናው ገና ትኩስ ነበር! ይህን ያህል ነው የሚፈጀው። ሰባ ስምንት ዓመት በሆነው ሰው እጅ።

የዚህ አገር ሰው ሁሉ በክረምት እንደሚያደርገው ከኋላው ሁለት ከረጢት አሸዋ ጫንኩበት፤ ኋላው እንዳይሸሽ። ሬይ ለፒካፑ የሚያስቀምጠው አሸዋ እዚያው መጋዘኑ ውስጥ፣ በሩ አጠገብ ነበር። ጎማዎቹ ያኔ የነበሩት ናቸው፤ አልቀየራቸውም፤ ከፋብሪካ የወጣበት ነው እያለ ይኮራባቸው ነበር። ዛሬ እንደ ቀንድ ደርቀዋል። ያኔ ግን ለስላሳ ነበሩ። ቁልፉን ሳዞረው በመጀመሪያው ተነሳ። አንድ ጊዜ እንኳ አላስነጠሰም። ምነው ባስነጠሰ!

መቀርቀሪያውንም ያዝኩት። ከመክፈቴ በፊት ትንሽ ያዝኩት። ብረቱ እጅ ያጣብቃል፤ ቀዝቃዛ ነው። ምን አስቦ እንደለቀቀው ይገባኝ ይሆን ብዬ ቆምኩ። አልገባኝም።

እውነቱን ልንገርሽ፤ የሄድኩት እንዳይወጣ እየጸለይኩ ነው። ጉድጓድ ውስጥ ልገባ ነው የሄድኩት። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ኋላው ወደ ግራ ተንሸራተተ። ደስ አለኝ! «ተንሸራተት! ግባ! ግባልኝ አንተ ከብት!» ብዬ ጮህኩ፤ ብቻዬን፣ እንደ እብድ። ጉድጓዱ እዚያው ነበር፤ አፉን ከፍቶ። መሪውን ብለቀው ይገባ ነበር። እጄ ግን አልለቅ አለ፤ ሃምሳ ዓመት በበረዶ የነዳ እጅ ነው፤ ሳልጠይቀው አቃናው። ጎማው ጨዋማውን አስፋልት ነከሰ። ከዚያ ያ ትልቅ ሞተር እያጉረመረመ እንደ ፍየል ወጣው። ላዩ ላይ ስደርስ መኪናው ምንም አልሆነም። እኔ ነኝ የሆንኩት።

ወፍጮ ቤቱን አለፍኩ። ዞር ብዬ አላየሁም። ፔቶስኪ ከተማ ሐኪም ቤቱ በር ድረስ ሄድኩ፤ የድንገተኛው በር ላይ አቆምኩ። አንድ ዘበኛ ሮጦ መጣ።

«አባባ፣ እዚህ ማቆም አይቻልም። ለበሽተኛ ነው። ምን ያለ መኪና ነው ግን! በዚህ መንገድ ይዘውት ወጡ?»

«አዎ።»

«በሽተኛውስ የታለ?»

ጎኔ ያለውን ወንበር አየው። እኔም አየሁት። ማርሽ አስገብቼ ዞርኩ።

ስመለስ መካነ መቃብሩ በር ላይ አቆምኩ። አልወረድኩም። ጥሩምባውን ተጫንኩት። ያ መኪና ጥሩምባው ምን እንደሚመስል ታስታውሻለሽ፤ የሞተ ይቀሰቅሳል። እጄ እስኪዝል ተጫንኩት። አባ ዊቶልድ በካልሲያቸው ወጡ። «ካዝሚር! ምን ሆነሃል? ሰው ያርፍበት!» አሉኝ። «አይረፍ!» አልኳቸው። «እሱ አይረፍ! ከእሱ ጋር ገና አልጨረስኩም!» ወደ ቤታቸው ገብተው መጋረጃውን ዘጉ። እሁድ ለቅዳሴ ስሄድ ምን እንደሚሉኝ እንጃ።

ወንድሜን እወደዋለሁ። የተናደድኩትም ስለምወደው ነው። የማልወደው ሰው ቢሆን ኖሮ ረስቼው ድንቼን እተክል ነበር። አሁን ገበታው ላይ ተቀምጬ፣ «ሬይ፣ ይወጣ ነበር» ብለው ደስ ባለኝ። ሾርባውን እላዩ ላይ ብደፋበት ደስ ባለኝ። ጥሎኝ ሄደ፤ በሰባት ትራስ ተደግፎ።

አሁን መኪናው መጋዘኑ ደጅ ቆሟል። ሆዱ፣ ጎማው፣ የበሩ ጠርዝ ሁሉ በጨው ነጥቷል። ያን ሁሉ ዓመት ያልነካውን በአንድ ጠዋት ጠግቧል። «ጨው ያልነካው» ብለሽ መሸጥ አትችይም ከእንግዲህ፤ ለዚህ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ፤ ይህን ጊዜ የእውነቴን ነው። የሞቀ ውሃ ባልዲ ውስጥ አዘጋጅቻለሁ። ቶሎ ካጠብኩት ምንም አይሆንም፤ ከተውኩት ይበላዋል። ቆሜ አየሁት። የኔ ንብረት አይደለም። ላጥበው ወይስ አላጥበው?

ካዝ


አስቶሪያ
ጃንዋሪ 20፣ 2012

አጎቴ ካዝ፣

ደብዳቤህን ወደቡ ላይ፣ ቆሜ፣ ዝናብ እየመታኝ አነበብኩት። ከዚያ ስልክ ልደውልልህ ነበር፤ እንደማትሰማ ትዝ አለኝ። ሰው ፊት አለቀስኩ፤ አንድ ዓሣ አጥማጅ መሃረብ ሰጠኝ፤ መሃረቡ ዓሣ ዓሣ ይሸታል።

ቃልህን ጠብቀሃል። በሕይወትህ ይህ የመጀመሪያው ይመስለኛል።

ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ዕድሜ ልኬን ትክክል መሆኔን የሚነግረኝ ሰው ስጠብቅ ኖሬያለሁ፤ ይኸው ነገርከኝ። ደስ አላለኝም። ይበልጥ ነው የተናደድኩት። ዳገቱ እስካለ ድረስ በአባቴ ላይ መናደድን በግማሽ ብቻ ነበር የምችለው፤ ግማሹን አንተ ይዘህብኝ ነበር። አሁን ሙሉው እጄ ላይ ነው። ከብዶኛል፤ ግን የራሴ ነው። ያንተም ነው። ከእንግዲህ ሁለት ሆነን እንይዘዋለን።

ለአጫራቾቹ ደወልኩ። በጃንዋሪ፣ በጨው ላይ፣ ፔቶስኪ ድረስ ተነድቷል አልኳቸው።  ሴትየዋ፣ «ማነው እንዲህ ያለ ጭካኔ የፈጸመው?» አለችኝ። ግምቱን ዝቅ አደርገዋለሁ አለች። ይውረድ። አሁንም ይሸጣል፤ በዚያ ሐሳቤን አልለወጥኩም። የጠበቃዋን ወረቀት ቀድጄዋለሁ።

አትጠበው።

ውሃውን ድፋው፤ እንደቆመ ተወው። ማክሰኞ ትራቨርስ ሲቲ አውሮፕላን ማረፊያ እደርሳለሁ፤ ከዚያ መኪና ተከራይቼ እመጣለሁ። ጎመን ሥራ። ይቅር ልል አይደለም የምመጣው፤ አባ ዊቶልድ ይህን እንዲያውቁ ንገራቸው፤ እንዳይዘጋጁ።

ረቡዕ ጠዋት መኪናውን ከመጋዘኑ ደጅ አምጥቼ፣ ከወጥ ቤታችን በር ላይ አስነስቼ፣ ዳገቱን ወጥቼ፣ ወፍጮ ቤቱን አልፌ እስከ ሐኪም ቤቱ እሄዳለሁ። እኔ ነኝ የምነዳው። አንተ ጎኔ ትቀመጣለህ፤ ያ ወንበር ባዶ እንዲሄድ አልፈልግም።

ዳገቱ ላይ አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ።

ዴኒዝ